የሐሙስ ተሳፋሪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ምግብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ጤናሽን የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ አይደለም፤ እንድትመልሽልኝ ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ በንዴት ግን ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። በስልክ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ጠባይሽን አውቀዋለሁ፤ ወሬው ካልጣመሽ «አይሰማም፣ አይሰማም» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፤ ለጎረቤት አታስነብቢ።

ነገሩ ስለ አማችሽ ነው። ስለ እሱና ስለዚያ ያገለገለ ሞተር ሳይክሉ።

መግዛቱን የዛሬ ሦስት ወር ስነግርሽ «ተይው ልጄ፣ ወንድ ሲጎለምስ መጫወቻ ያምረዋል» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እንዴት እንደገዛው ግን አልነገርኩሽም። እስቲ አስቢው፤ ሃምሳ ዓመት የደፈነ ሰው ነው። ሞተር የነዳው ገና በጎረምሳነቱ፣ የማተሚያ ቤቱ መልእክተኛ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ ወረቀት ሲቆርጥ ኖሯል። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በር ላይ ጠብቆኝ፣ አንድ ነገር እይልኝ ብሎ አንድ የመሬት ቀያሽ ግቢ ወሰደኝ። ሸራው ሲገለጥ ያ ጉድ ተገትሯል። ስፖርት ቱሪንግ ነው የሚሉት፤ ለፍጥነትም ለረጅም መንገድም ተብሎ የተሠራ። ፊቱ ላይ የንፋስ መከላከያ መስታወት አለው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ሻንጣ፣ ከኋላ ሰፊ መቀመጫ ከነመደገፊያው። የቤንዚን ሰልባትዮው ተቧጭሯል፣ አንዱ ስፔኪዮ በሽቦ ታስሯል። ቀያሹ ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ይመዝናል ሲለኝ እንኳን ልገዛው ልጠጋውም ፈራሁ።

ሰው ሞተር ሲገዛ ምን ያያል? ያስነሳዋል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ጎማውን ይነካካል። አማችሽ እቴ! ቀያሹን መሪው ላይ አስቀምጦ እሱ ከኋላ ተፈናጠጠ። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ አዞረው። ኮረኮንቹ ላይ አስነዳው፣ ጉብታ አስዘለለው፤ ሲወርድም የጠየቀው ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ወገብ እንዴት ነው ብሎ ነው። ቀያሹ ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። እኔም ሞኟ፣ ለእኔ ወገብ አስቦ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሁለታችን አገር እናይበታለን ብሎኝ ነበርና! እነሆ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ነይ ተፈናጠጪ አላለኝም።

ከዚህ ሞተር ጋር መኖርንማ ለጠላቴም አልመኝ። በረንዳውን ሞልቶ ልብስ ማስጫ አሳጣኝ። በነጩ የፊት ፎጣዬ የካቴና ግሪስ ጠረገበት፤ ሳሙናም በረኪናም አላስለቀቀውም። ባትሪው ሦስት ቀን ከቆመ ይሞታል። ለአንድ የፍሬን ሸራ ወር ጠበቅን፤ ሲመጣም የሌላ ሞተር ሆኖ ተገኘ። አንድ ምሽት ደግሞ መቆሚያውን ሳይዘረጋ ለቀቀው፤ ዘጭ! ሮጬ ስወጣ ሞተሩ ከላይ እሱ ከታች ነው። ለማንሳት አራት ሰው ተጠራ። ጡረተኛዋ መምህርት ጎረቤታችን ከመስኮቷ ሆና በየት በኩል መያዝ እንዳለበት ታስተምራለች። ቁርጭምጭሚቱ ድንች አክሎ አብጦ፣ እሱ ደጋግሞ የሚያየው የኋላውን መደገፊያ ነው። ተሰብሮ እንደሁ ብሎ!

ይህን ሁሉ በቻልኩት ነበር፣ ቢነዳው። አይነዳውም እኮ! ሥራ በእግሩ ይሄዳል፤ አስቤዛም በታክሲ ነው የምናመጣው። የሚነዳው በዕረፍት ቀኑ፣ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ማለዳ ይወጣል፣ አመሻሹ ላይ ይመለሳል። የት ዋልክ ስለው ሞተር መቆም የለበትም፣ ላናፍሰው ወጥቼ ነው ይለኛል። ኪሎሜትር ቆጣሪውን ማየት ጀመርኩ። በየሐሙሱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎሜትር፤ አንድ እንኳ ዝንፍ አይልም። ለመናፈስ የወጣ ሰው እንዲህ በልክ አይናፈስም።

አንድ እሑድ፣ እሱ ማተሚያ ቤት እያለ፣ መካኒኩ ባትሪውን ሊያይ ቤት መጣ። ማብራራት ስለሚወድ ሰፈሩ ፕሮፌሰር ይለዋል። ፕሮፌሰር ከኋላው መቀመጫ ሥር ያለ ጥቁር መዘውር ነካ አድርጎ፣ ሐሙስ ዕለት ሰው ጭናችሁ ነበር አይደል አለኝ። እኔ እንኳን ልጫንበት በእጄም አልነካሁት። ከዚያማ ማን ያስቆመው! መዘውሩ የኋላውን ሞላ ያጠብቃል፤ ከኋላ ሰው ሲቀመጥ እንደ ሰውየው ክብደት ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ቀጭ ይላል። ሰው ብቻውን ሲነዳ እስከ መጨረሻው ነው የሚፈታው። ይሄኛው ግን ጠብቋል። አማችሽን ታውቂው የለ? ማተሚያ ቤት ለግማሽ ሚሊሜትር የሚጣላ ሰው፣ ቤት ሲገባ የከፈተውን አይከድንም። የቁም ሳጥኑ በር ክፍት ነው፣ የጥርስ ሳሙናው ክፍት ነው። መዘውሩንም ለተሳፋሪው አጥብቆ፣ ሳይመልሰው ቤቱ ገባ።

ማን ፊት መሰለሽ የተወው? ሃያ ሁለት ዓመት ሱቅ ለሱቅ ዞራ ሚዛን ስትፈትሽ የኖረች ሴት ፊት! ፕሮፌሰር ሲሄድ መዘውሩን ወደ ኋላ እያዞርኩ ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ቀጭ አለ። የሞተሩን መመሪያ ከሻንጣው አወጣሁ፤ አንዱ ቀጭታ ለአራት ኪሎ ነው ይላል። አላመንኩትም። በማግስቱ የሚዛን ድንጋዮቼን ከቢሮ አምጥቼ የኋላው መቀመጫ ላይ ደረደርኩና ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በማስመሪያ ለካሁ። ጎረቤታችን ከመስኮቷ ድንጋዮቹን ልታንሸራሽሪያቸው ነው ወይ አለችኝ። ልኩ ልክ ነበር፤ ስልሳ ኪሎ። መዘውሩን ወደነበረበት መለስኩት።

እማዬ፣ ስልሳ ኪሎ የምትመዝን ሴት! እኔ ሰባ ስምንት ነኝ። የዚያን ቀን ምንም ያላጠፋ ባለሱቅ ላይ ጮኼ ጉድ አፈላሁ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ጠዋት፣ እሱ ሥራ ሲወጣ፣ መዘውር መቁጠር ሥራዬ ሆነ። በሚቀጥለውም ሐሙስ አሥራ አምስት ነበር። ከዚያ አሥራ አራት ሆነ፤ ሦስት ሳምንት እዚያው ቆየ። ለእሱ ብላ እየከሳች ነው ብዬ አረርኩ፤ እኔም እልህ ይዞኝ ራት ተውኩ፣ ይኸው ያስቀነሰኝ አንድ ኪሎ ነው። ከዚያ አሥራ ሦስት ሆነ። ሃምሳ ሁለት ኪሎ ማለት ነው። ሰው ወዶ በአምስት ሳምንት ስምንት ኪሎ አይቀንስም። ያኔ ቅናቱ ጥሎኝ ሄደ፣ በምትኩ ምን እንደገባብኝ ግን ልጠራው አልፈለግሁም። ባለፈው ዓርብ አሥራ ሁለት ሆነ። ተሳስቼ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

የዚያኑ ጠዋት ከሞተሩ ጋር የመጣውን ሁለተኛ ሄልሜት ከመደርደሪያው አወረድኩ። ውስጡ ጓንት ተወትፏል፤ ትንንሽ የሴት ጓንት። ሁለቱ እርስ በርስ በድርብ ቋጠሮ ታስረዋል። ማሰሪያው ነጠብጣብ ያለበት አረንጓዴ ጨርቅ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ካሰፋሁልሽ ቀሚስ የተረፈው። ጥንድ ነገር እንዳይጠፋፋ አንዱን ካንዱ ሳታስር የማታስቀምጥ ሴት እኔ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ካልሲዬን ስታስሪ፣ ጫማዬን ስታስሪ አይደል ያሳደግሽኝ?

በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ሁሉም ባንዴ ገባኝ። አውቶቡስ ገና ሳይነሳ እንደሚያስመልስሽ፤ ሐሙስ ሐሙስ ስደውልልሽ ስልክ የማታነሺው፣ ስታነሺም ገበያ ነበርኩ የምትይኝ ለምን እንደሆነ፤ ከእኛ ቤት አንቺ ጋ፣ ከአንቺ ቤት ትልቁ ሆስፒታል፣ ደርሶ መልሱ ሲደመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎሜትር እንደሚሆን። ያ ሰውዬ ከቀያሹ ኋላ ተፈናጥጦ ኮረኮንች ለኮረኮንች የተንገጫገጨው ለማን ወገብ እንደነበር ገባኝ። ክብደትሽ በቀነሰ ቁጥር መዘውሩን የሚያላላውም እንዳይቆረቁርሽ ነው። ብስክሌት ልንዳ ስልሽ ተሰብረሽ ትቀሪያለሽ ብለሽ የከለከልሽኝ አንቺ፣ በስልሳ ስምንት ዓመትሽ ስፖርት ቱሪንግ ላይ!

ስቄ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ መሄድ አልቻልኩም።

ተናድጄብሻለሁ እማዬ። በአማችሽም ተናድጃለሁ፣ በአንቺ ግን ይብሳል። ለምን እንደደበቅሽኝ አልጠፋኝም። አባዬ ሲታመም ሥልጠናዬን አቋርጬ አሥራ አንድ ወር አልጋው ሥር መቀመጤን አልረሳሽውም። እሷ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለሽ ነው። ብለሽም ያን የዋህ ሰው አስማልሽው። ግን ማን ጠየቀኝ? አባዬን በማስታመሜ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም። አንቺ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስትጠብቂ እኔ የሽንኩርት ሚዛን ስፈትሽ መዋሌ ነው የሚያንገበግበኝ። ከእኔ ላይ ስንት ሐሙስ ወሰድሽ! ይህን ይቅር ለማለት ጊዜ ይፈጅብኛል፤ እንግዲህ ጊዜ ስጪኝ።

እሱን እንዳትቆጪው፣ መሐላውን አልበላም። ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁት። ከሥራ ገብቶ ሲያየው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቁጭ አለ። ማንን ነው የምትጭነው አልኩት። ምያለሁ አለኝ። ሐኪሙ ምን አለ አልኩት። ምያለሁ አለኝ። ሳህን ልወረውርበት ምንም አልቀረኝ ነበር። በኋላ የጫማውን ክር እየፈታ፣ ይቺ እንኳ ከመሐላው ውጭ ናት፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላዬ ሆና ትስቃለች አለኝ። ይህን ብሎ እንባው መጣ። እኔም ቁጣዬን ልቀጥል ብዬ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ሞተሩን ግን አሁንም አልወደውም፤ ፎጣዬንም አልረሳሁለትም።

አሁን ስሚኝ። ሥራዬን አልለቅም፤ ለዚህ ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። አለቃዬን አነጋግሬ ሐሙሴን በቅዳሜ ቀይሬያለሁ። ሞተሩ የሚይዘው ሁለት ሰው ስለሆነ ቦታሽን አልቀማሽም፤ አንቺ ከአማችሽ ጋር እየሳቅሽ ነይ። እኔ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቀድሜ ሆስፒታሉ በር ላይ እቆያለሁ። ስታይኝ የገበያ ወሬ እንዳትጀምሪ። ስለ ሕመሙ ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም፤ ስለ ፎጣዬ እናወራለን። ሐኪሙ ጋ ከመግባት በፊት መመዘን አይቀርም፤ ቁጥሩን አይቼ ፊቴን እንዳልለውጥ ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው። ሚዛኑ ላይ ስትወጪ ጎንበስ ብዬ ጫማሽን የማወልቅልሽ ግን እኔ ነኝ፤ እሱን ለነርሷም ለአማችሽም አልሰጥም።

እስከ ሐሙስ ፈጣሪ ከነሳቅሽ ያቆይልኝ። ጉልበትሽን ስሜያለሁ፤ ምርቃትሽ አይለየኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ የምትጠብቅሽ
ልጅሽ