ብልቃጡን ሳያዩ ለፈረሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ተቋማት ቁጥጥር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት እንድትቆዩልኝ እመኛለሁ፤ ጤና ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አይቻለሁና ምኞቴ ከልብ ነው።

ማክሰኞ ረፋድ የሰፋሁትን የተማሪ ዩኒፎርም ላስረክብ ለአንድ ሰዓት ከልጄ የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተነሣሁ፤ ሆስፒታሉ የደወለልኝ ያኔ ነው። ስመለስ ተሸፍናለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ማድያቷን ያጠፋልኛል ብላ ሜሶቴራፒ የሚሉትን፣ ፊት ላይ በትንንሽ መርፌ መድኃኒት የመውጋት ሥራ፣ እርስዎ ፈቃድ በሰጡት የውበት ክሊኒክ አስደረገች። በሦስተኛው ቀን ፊቷ መግል ያዘ፤ ቀጥሎ ደሟ ተመረዘ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ፦

፩. የላኳቸው መርማሪ የእሳት ማጥፊያውን አይተው፣ ወንበሮቹን ቆጥረው ስለተመለሱልዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ከወንበር ወድቃ ሞታ ቢሆን ጥፋተኛው ወዲያው በተገኘ ነበር። መርፌው ውስጥ ምን አለ የሚል መስመር ቅጽዎ ላይ የለም።

፪. የክሊኒኩ ባለቤት፣ ደንበኞቿ መድኃኒቱን አውቀው ሌላ ቦታ እንዳይሄዱባት፣ ስም የተጻፈበትን የብልቃጦቹን ወረቀት በሙቅ ውሃ ትልጣለች። የሆስፒታሉ ሐኪም ልጄ ምን እንደተወጋች ሦስት ጊዜ ቢጠይቀኝ ለባለቤቷ ሴት ደወልኩላት። «አይዞሽ እማማ፣ ቫይታሚን ነው» አለችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተረፈ ክር እንኳ ቁጥሩን ሳልጽፍበት አላስቀምጥም። ያው ሐኪም እንደነገረኝ ይህ ሥራ የታወቀ መድኃኒት፣ ንጹሕ መርፌ፣ የሠለጠነ እጅና የተጻፈ መዝገብ ይፈልጋል፤ ማድያት ስለማጥፋቱም ማስረጃው ገና ስስ ነው። ይህን ለመስማት ልጅ መቅበር አስፈልጎኛል።

፫. ልጄ ለቀጣዩ ቀጠሮ ይዘሽ ነይ ተብላ የተሰጣትን የተጋመሰ ብልቃጥ ይመርመርልኝ ብዬ ባመጣ፣ ጸሐፊዎ ስም የሌለው ናሙና አንቀበልም አሉኝ። ስሙን የላጠችው የክሊኒኩ ሴትዮ፣ ስሙን አምጪ የምባለው እኔ። እንዲህ ስላለው ጥንቃቄዎ እግዜር ይስጥልኝ።

፬. ክሊኒኩን ለሁለት ሳምንት አሸጉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን በአዲስ ታፔላ ሥራ ላይ ነው።

ውለታዎን ስለማልረሳ፣ ብልቃጡ እስኪመረመር በየማክሰኞው ረፋድ ወንበሬን ይዤ በርዎ ላይ እቀመጣለሁ፤ ፊርማዎ ያለበትን ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አባዝቼ ለባለጉዳይ ሁሉ አድላለሁ። መስፋት ትዕግሥት አስተምሮኛል።

ለከፍተኛ ወንበርዎና ለማይደክም ማኅተምዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የሟች እናት

ማስታወሻ፦ ብልቃጡ ውስጥ ጥቂት ቀርቷል። በእርግጥ ቫይታሚን ከሆነ፣ ለእርስዎ ፊት ይበቃል።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለልጄ ነፍስ ጸልዩላት። ለኃላፊው አታስቡ፤ ለእሳቸው እኔ አለሁላቸው።