በተዝካሩ ዳስ የተናገርከው

ውድ ወንድምአገኝ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ተናድጄብሃለሁ፤ ጤናህንም አልጠይቅም።

ዳኜ በሞተ በአርባ ቀኑ ለተዝካሩ ስትመጣ፣ እንደ ልጅነትህ አጠገቤ ተቀምጠህ «እህቴ፣ እንዴት ነሽ?» አልከኝ። እኔ ሞኟ ለሰው ያላወጣሁትን ነገርኩህ። ማታ በጎቹን ሳስገባ «ዳኜ፣ ሁሉም ገብተዋል» እለዋለሁ፤ የበግ ጠጉር ስፈትል ደጃፍ ላይ ሲያስል እሰማዋለሁ አልኩህ። ባሌ ነዋ! አሥር ዓመት የሰማሁት ሳል በአርባ ቀን ከጆሮዬ ይውጣ?

አንተ ምን አደረግህ? ዳሱ ውስጥ፣ ካህናቱና አማቶቼ በተቀመጡበት፣ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣኸውን የሥነ ልቦና መጽሐፍ ገልጠህ «የሌለ ድምፅ መስማት፣ ብቻን ማውራት፣ እንቅልፍ ማጣት» እያልክ በጣትህ ቆጠርክ። «ስኪዞፍሬኒያ ይባላል» አልክ። የዳኜ እናት እማማ አማከለች «እኔ በሚገባኝ ንገረኝ እንጂ ልጄ» ሲሉህ «የአእምሮ በሽታ ነው» አልካቸው። በነጋታው የስድስት ዓመቷን ገሊላን ይዘውብኝ ሞላሌ ገቡ። «የልጄን ልጅ ከእብድ ጋር አላሳድርም» ነው ያሉት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ውሎ አድሮ እኔም ራሴን ጠረጠርኩና ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሄድኩ። አመተሥላሴ የምትባል የአእምሮ ሕክምና ነርስ ግማሽ ቀን ስትጠይቀኝ ዋለች። ትበያለሽ? ሥራ ትሠሪያለሽ? ድምፁ ይህን አድርጊ እያለ ያዝሻል? እንደሞተስ ታውቂያለሽ? በእናንተ አገር ያዘነ ሰው ምን ያደርጋል? በመጨረሻ «እቱ፣ አዝነሻል እንጂ አላበድሽም» አለችኝ። ያንተኑ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ሐዘንተኛ የሟቹን ድምፅ ቢሰማ ያ ብቻውን በሽታ እንደማይባል፣ ስም ከመስጠት በፊትም የሰውየው አገር ልማድ እንደሚጠየቅ አነበበችልኝ። ጥቂት ገጽ ብትጨምር ምን ነበረበት? መጽሐፉን በግማሽ አንብበህ በእኔ ላይ ሙሉ ፍርድ ፈረድክ!

ትምህርትህን አልናቅሁም። እዚያው ወረፋ ላይ፣ ሕመሟ ስም አግኝቶ መድኃኒት ጀምራ ወደ ትምህርቷ የተመለሰች ልጅ አግኝቻለሁ። የናቅሁት ችኮላህን ነው። እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ፤ አንተ ግን ስለ እኔ መጽሐፍ ጠየቅህ።

የነርሷን ወረቀት ይዤ ሞላሌ ሄጄ ነበር። እማማ አማከለች «ወረቀት ምን ያውቃል? የገዛ ወንድምሽ አይደለም እንዴ የተናገረው?» አሉኝ። ገሊላ ከቀሚሳቸው ኋላ ቆማ «እማዬ፣ ዛሬ ተሽሎሻል?» አለችኝ። ላቅፋት ስጠጋ ሸሸችኝ።

የዳኜ ሙት ዓመት መጋቢት ሰባት ነው። እነዚያው ሰዎች በዚያው ግቢ ይሰበሰባሉ። መጽሐፍህን ይዘህ ና፤ በተናገርክበት ቦታ ቆመህም «ተሳስቻለሁ» በል። ያኔ ልጄም ትመለሳለች፣ አንተንም ይቅር እልሃለሁ። ካልመጣህ ግን ከዚያ ወዲያ አንተንም የማወራህ እንደ ዳኜ ነው፤ መልስ ሳልጠብቅ።

ያሳደገችህ እህትህ፣
ጌታነሽ
መሐል ሜዳ፣ ጥር ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.