ፕሪም ማሳህ ውስጥ ስለተገደለችው ድብ

«አባዬ፣ አዳኞቹ ፕሪም ማሳዬ ገብተው እንዲተኩሱ ፈቅጃለሁ። የድብ ጠበቃ መሆንህን ተው፤ መንደሩ እየሳቀብን ነው።»

ልጄ ሬሙስ፣ ይህን የጻፈውን እጅህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ፤ በሰው አገር የምትኖርባት የቱሪን ከተማ ብርድም አያግኝህ። እናትህ ደህና ናት፤ ለክረምቱ ጥቅል ጎመን በጨው እየዘፈዘፈች ነው።

ድቧን ትናንት ገደሏት። አዳኙ ቪሳሪዮን ደሙን ሳይታጠብ መጥቶ፣ «ኢንጂነር፣ ወዳጅህ እኮ አላለፋችኝም፤ ቆማ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ዳቦ ጠብቃ ነው መሰለኝ» ብሎ ሳቀ።

ልመናውን ያስተማርካት አንተ ነህ። በበጋ ለእረፍት ስትመጣ ከመኪናህ ሳትወርድ «አያ ማርቲን፣ እስቲ ለምነኝ» እያልክ ዳቦ ትወረውርላት ነበር። ላንተ ድብ ሁሉ አያ ማርቲን ስለሆነ ሴት መሆኗን እንኳ አላየህም። ማሳህ የገባችውም ሳትለቅመው የተውከው ፕሪም መሬት ላይ ስለበሰበሰ ነው። የኤሌክትሪክ አጥር ላጥርልህ ስልህ «የግቢውን መልክ ያበላሻል» ብለህ ከለከልከኝ።

ግልገሏ እናቷ የወደቀችበትን ሣር እያሸተተች እዚያው አለች። ቪሳሪዮን ቅዳሜ ይመለስባታል። ፕሪሙን እኔ እለቅማለሁ፤ አጥሩንም አጥራለሁ።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። አትደውል፤ ድምፅህን መስማት አልፈልግም። ፈቃድህን ማንሳትህን እስከ ሐሙስ ኦክቶበር 17 ጽፈህና ፈርመህ ላክልኝ።

አባትህ