ደህና ነኝ በማለቴ ስለተሰረዘው የጉልበት ቀዶ ሕክምና ተራዬ

ቀን፦ ኅዳር 9

ለአጥንት ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ተራ መሰረዜ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የወለል ንጣፍ ባለሙያ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተንበርክኬ ሴራሚክ ሳነጥፍ ኖሬያለሁ። የክፍልዎ ኮሪደርም የእጄ ሥራ ነው። ይህን የማነሣው ውለታ ለመቁጠር ሳይሆን ለጉዳዩ ስለሚያስፈልግ ነው።

1. ሁለቱም ጉልበቶቼ በጽኑ የመገጣጠሚያ ሕመም ተይዘው ክኒኑም፣ መርፌውም፣ ፊዚዮቴራፒውም አልረዳኝም። ባለፈው ዓመት ራጄን ያዩት ሐኪም አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ መሆኑን ገልጸው፣ ያለቀው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ እንዲተካ ወሰኑ። ተራ ቁጥር 11ም ተሰጠኝ።

2. ባለፈው ወር ለመጨረሻ ምርመራ ተጠራሁ። ሐኪም ፊት መቅረብ ነውና ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዐርፌ፣ ጠዋት ማስታገሻ ውጬ፣ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከዘራዬን ጥበቃው ዘንድ አስቀምጬ ገባሁ። አዲሱ ወጣት ሐኪም እንዴት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። በዕድሜዬ ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ "ተመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ" አልኳቸው። እሳቸውም ጻፉት።

3. ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ እንድራመድ ታዘዝኩ። ስምንት እርምጃ ያህል እንደሄድኩ አንዲት ሴራሚክ ጠርዟ ተነሥቶ አየሁ። እኔ ባነጠፍኩት ወለል ላይ ይህ ነውር ነው። ሕመሜን ረስቼ ተንበረከክሁና በጣቴ መታ መታ አደረግኋት፤ ከሥሯ ባዶ ነበረች። ሐኪሙ "ያለ ድጋፍ ይንበረከካል" ብለው ጽፈው ወደ ሌላ ታካሚ ሄዱ። መነሣቱን ግን አላዩም። ያነሡኝ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ለመመስከር ፈቃደኞች ናቸው።

በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልገኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ "የሄድከው ለምርመራ ነው ወይስ ለሽምግልና?" አለችኝ። ወጣቱ ሐኪም ያዩትንና የሰሙትን ጻፉ እንጂ አላጠፉም፤ ጥፋቱ የእኔው ነው።

4. እውነተኛው ሁኔታዬ ይህ ነው። የምንኖረው አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሰባት ወር ወዲህ ከቤት የወጣሁት ለሕክምና ብቻ ነው። ደረጃውን የምወጣው ወደ ኋላ በመቀመጫዬ እየተሳብኩ ሲሆን፣ ጎረቤቶች ለወሬ የተቀመጥኩ እየመሰላቸው አጠገቤ ቁጭ ይላሉ።

ከባለቤቴ ጋር ለሃያ ስድስት ዓመት ከሥራ መልስ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ሰፈሩን ስንዞር ኖረናል። አሁን ብቻዋን ዞራ ያየችውን ትነግረኛለች። ሰሞኑን ወሬ ሲያልቅባት ከራሷ መፍጠር እንደጀመረች ደርሼበታለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ብቻ ጫማ ጠጋኙን ሁለት ጊዜ ድራዋለች። እንዳልነቃሁ ሆኜ እስቃለሁ። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ አንድ ቤት እየኖርን ትናፍቀኛለች።

ስለዚህ ራጄ እንደገና ታይቶ ተራ ቁጥር 11 እንዲመለስልኝ፣ ምርመራው የሚደገም ከሆነም ባለቤቴ አብራኝ ገብታ ጥያቄውን እሷ እንድትመልስ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አዲሱ ጉልበት ለመንበርከክ እንደማይመች ተነግሮኛል፤ ሥራውን ለሌሎች ትቻለሁ።

በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ጉልበት ብቻ ከሆነ ደግሞ የቀኙ ይቅደምልኝ። የበለጠ የሚያመኝ የግራው ነው፤ ሆኖም ባለቤቴ የምትሄደው በግራዬ በኩል ስለሆነ እሱን እሷ ትይዝልኛለች።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የወለል ንጣፍ ባለሙያው፣ የካርድ ቁጥር 4417