«በራሱ ቸልተኝነት» ስለሞተው ተፈሪ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው ዋና አዘጋጅ
ሐርጌሳ

ጤናዎ እንዲበዛ፣ ከራስዎ በላይ ያለው ነገር ሁሉ ባለበት እንዲጸና ከልብ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፈጠነ፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ውስጥ በሚሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ግንበኛ ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ሶማልኛዬ ሲሚንቶ ለማዘዝ እንጂ ለዚህ አልበቃ አለኝ። ባለሱቁ ካሂን ትርጉሙን አያይዞልኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ጣቢያዎ የግንባታ ሠራተኞች ደኅንነት እንዴት እንደተሻሻለ ሊዘግብ እኛ ድረስ ስለመጣልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩ኛ፦ ሠላሳ አንድ ሰዎች ነን፤ ሄልሜታችን አምስት ነው። ስለዚህ የራሳችን ደንብ አለን፤ ብሎኬት በገመድ ወደ ላይ ሲሳብ ከሥር የሚቆመው ሰው ሄልሜት ሳያደርግ አይቆምም። ያን ዕለት ከሥር የቆመው ተፈሪ ነበር። አራቱ ሄልሜት ከካሜራው ፊት ለተደረደሩት ስለታደለ፣ ፎርማናችን ባሺር እንግዳ ባዶ ራሱን መታየቱ ነውር ነው ብሎ አምስተኛውን ከተፈሪ ራስ ላይ አንሥቶ ለዘጋቢዎ አደረገለት። ዘጋቢዎም በሩ አጠገብ፣ ከላዩ ከሰማይ በቀር ምንም በሌለበት ቆሞ ስለ ደኅንነት ተናገረ። አምሮበት ነበር። ከኋላው ሥራ ሲሠራ እንዲታይ ስለፈለገም አላቆምንም። ፎቅ ላይ ሆኜ ገመዱን የምስበው እኔ ነበርኩ። ብሎኬቱ ሾለከ።

፪ኛ፦ በዚያው ቀን ዜና ላይ፣ ዘጋቢዎ ሄልሜቱን እንዳደረገ የደኅንነቱን መሻሻል አበሰረ፤ ቀጥሎ የሲሚንቶ ማስታወቂያ መጣ፤ ከዚያም አንድ የውጭ አገር ሠራተኛ ሄልሜት ባለማድረጉ በራሱ ቸልተኝነት መሞቱ ተነገረ። ስሙን ለመጥራት ስላልደከማችሁ እናመሰግናለን።

፫ኛ፦ ይህችን መጻፍ ከጀመርኩ ሦስት ቀኔ ነው። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ ምሳም በላሁ። የተፈሪ እናት እማማ ሸዋርካብሽ ደብረ ሲና ናቸው። ዜናዎን አንድ ዘመድ በስልክ አሳይቶ ተርጉሞላቸዋል። ልጄ ከሕፃንነቱ ጠንቃቃ ነበር፣ ምን ነክቶት አወለቀው እያሉ እኔን ይጠይቁኛል።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቴሌቪዥን ግን እንደሁለቱ እንዳልሆነ ተስፋ በማድረግ የምለምንዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ተፈሪ ሄልሜቱን አላወለቀም፤ ተወስዶበት ነው። ጊዜ ካነሰዎ ከሲሚንቶው ማስታወቂያ በኋላ ቢነበብም ቅር አይለንም።

ለሕንፃው ምረቃ ካሜራዎ እንደማይቀር በመተማመን፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ስሙ ያልተጠራው የውጭ አገር ሠራተኛ ባልደረባ፣
ፈጠነ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እማማ ሸዋርካብሽ ነገም ይደውላሉ። ገመዱን የያዝኩት እኔ እንደነበርኩ አያውቁም። የምመልሰው ስለጠፋኝ የቢሮዎን ስልክ ሰጥቻቸዋለሁ። እባክዎ አማርኛ የሚችል ሰው ከስልኩ አጠገብ ያስቀምጡልኝ፤ ሲያለቅሱ ቶሎ አያቆሙም።