በጠመኔው ኮረብታ ላይ የቀረህበት ረቡዕ

ይመር ዓለሜ፤

ከተለያየን ዐሥራ አራት ወር አለፈ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሻንጣህን ከመኪና አውርደህ፣ «መድኃኒትሽን እንዳትረሺ» ብለኸኝ ገባህ። ዌስትቼስተር ካለው ሆቴል እንግዳ በሆቴሉ መኪና እየጫንክ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው በር ላይ ስታወርድ ኖረሃል። የዚያን ቀን ግን መንገደኛው አንተ ነበርክና እንደ ልጅ ደስ ብሎህ ወደ ኋላ እንኳን ሳትዞር ገባህ። አልተቀየምኩህም። ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል ብዬ ስንቱን ተማሪ ቀጣሁ፤ ለአንተ የሚሆነውን ሰላምታ ግን አጣሁት። አላህ ይዘንልህ፤ ቀብርህን ያስፋልህ። ከዚህ ሌላ የምጽፍልህ ሁሉ የጨነቃት ሴት ልመና ነው።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። አከራዩ ደረጃውን አረንጓዴ ቀለም ቀባው፤ ያውም ሳያፀዳ፣ ከነአቧራው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬ የምንገዛበት ሱቅ ተዘግቶ ስልክ መሸጫ ሆኗል። ብስክሌትህ በረንዳው ላይ ነው። ዘምዘም ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር፣ «እትዬ፣ ለችግረኛ ዶኔት ያድርጉት እንጂ፤ ቦታ ያዘብዎት እኮ» ትለኛለች። ሰንሰለቱን በየሳምንቱ እወለውለዋለሁ። ጎማው ግን ተንፍሷል፤ መንፊያውን የት እንዳስቀመጥከው አላውቅም።

ሐኪሙ ስኳር አለብህ ያለህ ጊዜ ሃምሳ ስምንት ዓመትህ ነበር። ሐያት ያንን ወፍራም ጎማ ያለውን የተራራ ብስክሌት ከአንድ ጓደኛዋ አምጥታ፣ «አባዬ፣ መድኃኒትህ ይኸው» አለችህ። እኔ፣ «ሽማግሌ በቁምጣ! ሰው ምን ይላል?» አልኩ። ማንም ምንም አላለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በላይ ያለውን አቧራማ ጋራ እየወጣችሁ፣ ቅልጥምህ ተጭሮ፣ ጥርስህ ሁሉ እየሳቀ ትመለስ ነበር። ልጅቷ ለሥራ ወደ እንግሊዝ ስትሄድ ብስክሌቱ የሚቀር መስሎኝ ነበር። እናንተ ግን በስልክ አንድ ዕቅድ ትዶልቱ ኖሯል፤ እዚያም አብራችሁ በብስክሌት ኮረብታ ልትወጡ።

እንግሊዝ ከደረስክ በኋላ በየቀኑ ቀትር ላይ ትደውልልኝ ነበር፤ እዚያ መሽቶ እራት ከበላችሁ በኋላ። የመጀመሪያው ቀን የጮህከው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። «ከድጃ! ኮረብታው ሁሉ ጠመኔ ነው! አንቺ አስተማሪ ሆነሽ ስንት ዓመት በጣትሽ የያዝሽው ጠመኔ! ሣሩን በጫማዬ ጫር ሳደርገው ነጭ ነው። ጎማዬ ነጭ ሆኖ ነው የሚመለሰው።» እኔም የልጅቷ ቤት ሳትገባ ጫማህን አራግፍ አልኩህ። ሌላ ምን አልኩህ? ምንም።

መንገዱ ሲዘንብ እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት፣ ጠመኔው ውስጥ ያለው ባልጩት ጎማህን ሁለት ጊዜ እንደቀደደው፣ በጎች እንዳያመልጡ የተሠራውን በር ሁሉ እየወረዳችሁ ከፍታችሁ መልሳችሁ እንደምትዘጉት ነገርከኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ የጥንት ሰዎች መቃብር እንደ ጉልላት ተከምሮ፣ ሣር ለብሶ፣ በግ ይግጥበታል አልከኝ። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ አንተ ግን በብስክሌት ባለፍክ ቁጥር «አሰላሙ ዐለይኩም» ትላቸው ነበር። ሐያት፣ «አባዬ፣ ቋንቋህን አያውቁም» ስትልህ፣ «ከተቀበሩ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሲሠሩ ኖሩ? ይማሩ እንጂ» ያልካትን ስትነግረኝ፣ በሙታን አይቀለድም ብዬ ተቆጣሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ያንን አልነገርኩህም። ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ትክል ድንጋይ ተደግፈህ የተነሳኸውን ፎቶ ላክህልኝ። ሣሩ ተገፎ በጠመኔው የተሠራውን፣ ኮረብታውን የሚያህለውን ነጭ ፈረስም ላክህልኝ። የአገሩ ሰው በየጊዜው መዶሻ ይዞ እየወጣ አዲስ ጠመኔ ይወቅጥበታል፤ አለዚያ ሣር ይውጠዋል አልከኝ። ይኼ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ቀትር ስልኩ ዝም አለ። ትንሽ ጠብቄ እኔው ደወልኩ። ያንተን ስልክ ያነሳችው ሐያት ነበረች። «እማ፣ አባዬ ከብስክሌት ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። መድኃኒት ሰጥተውት ተኝቷል» አለችኝ። ድምጿ የእሷ አይመስልም ነበር፤ ደንግጣ ነው ብዬ አለፍኩት። ሐሙስም «ተኝቷል» አለችኝ። ዘምዘም ቤት ድረስ መጥታ፣ «እትዬ፣ አይዞዎት፤ እግር እኮ ነው። የስብራት ቡት ያጠልቁላቸዋል፣ በወሩ ጋሼ ይመር ይነሳሉ» አለችኝ። እኔም ስትነቃ ትሰማው ብዬ ስልክህ ላይ ድምፄን ቀረጽኩልህ። «ስልሳ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። በቁምጣ ከበግ ጋር ገደል ስትሻማ እግርህ ቢሰበር ደግ አደረገህ! ስትመለስ ያንን ብስክሌት ከበረንዳ እወረውረዋለሁ» አልኩህ። አምስት ጊዜ ቀረጽኩ። የመጨረሻውን ዓርብ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ላክሁ። ሰዓቱን በኋላ አመሳከርኩት። እዚያ ጁምዓ ተሰግዶ አፈር ሲያለብሱህ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ ሳይ የማውቃቸው መኪኖች ተከታትለው መጡ፤ የዘምዘም፣ ሆቴል አብሮህ የሠራው የከማል፣ ሌሎችም። ማቆሚያ አጥተው ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረው ሲወርዱ መርዶ ይዘው እንደመጡ ገባኝ። ከእኛ በላይ ያለችው የደሴ ልጅ እናቷ አገር ቤት ታመው ነበርና ለእሷ ነው አልኩ። ሻሼን አስሬ ወረድኩ። «እኔን ሳትነግሩ ነው የምትመጡት? ደግሞስ መርዶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው የሚነገረው?» ብዬ ጮህኩባቸው። ከማል መሬት መሬት እያየ፣ «ፓርክ የምናደርግበት አጥተን ነው፣ እትዬ» አለኝ። «ይሁን፤ ኑ ተከተሉኝ። እኔ እነግራታለሁ፤ እናንተ ታስደነግጧታላችሁ» ብዬ ፊት ፊት ወጣሁ። የእኛን በር አልፌ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ደረጃውን አጋምሼ፣ የሚከተለኝ ኮቴ ሳጣ ዞር አልኩ። ሁሉም የእኛ በር ላይ ቆመዋል።

ከዚያ በኋላ ለሐያት ያልኳትን አንተ አልሰማህም። ሰምተህ ቢሆን ስልኩን ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። «አባትሽን ቀብረሽ እግሩ ተሰበረ አልሽኝ። በሬሳ አሾፍሽብኝ። ከእንግዲህ ልጅ የለኝም» አልኳት። ስታለቅስ ሰማሁ፤ ዘጋሁት። ዘምዘም ቆይታ፣ «እትዬ፣ ልጅቷን አይቀየሟት። ረቡዕ ደውላ ‹አሁኑኑ ልንገራት› ብላ ለምናን ነበር። እኛ ነን ‹ቅዳሜ ሁላችንም ከሥራ ኦፍ ነን፤ ብቻቸውን አይስሙ› ያልናት» ብላ ብትነግረኝም አልሰማሁም። ሐያት በየእሑዱ ትደውላለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ ስልኩ ጠርቶ እስኪያበቃ አያለሁ። ዕቃህን በካርቶን ላከችልኝ፤ አልከፈትኩትም። ዓመት ከአንድ ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ እሑድ ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። ቀጥሎ ያለውም እሑድ። ሦስተኛውም።

ባለፈው ሳምንት ዘምዘም መጣች። የአንዲት ጎረቤታችን ወንድም አዲስ አበባ አርፎ፣ እንደ ወትሮው መርዶውን እንድመራ ልትለምነኝ ነው። «ለቅዳሜ እናድርገው አይደል? እስከዚያ ታሟል እንላታለን» አለችኝ። «አሁን ንገሯት» አልኩ። «ሥራ ላይ ናት እኮ፣ እትዬ!» «ሥራ ቦታዋ ሂዱ። ካልደረሳችሁ በስልክ ንገሯት። ሞቷል በሏት።» ዘምዘም ያበድኩ መስሏት እያየችኝ፣ «እትዬ፣ ምነው? ሞት በስልክ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?» አለችኝ።

እኔ ነኝ። ሐያት ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ የሆነው ትዝ ይልሃል? አንዲት ሴት ስልክ ደውላ፣ ሰው ሁሉ የት ሄዶ ነው ብላ ስትጠይቃት፣ ልጅቷ እዚህ አድጋ የምታውቀው ነገር የለምና፣ «ወንድምሽ ሞቶ አንቺ ቤት ሊመጡ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ ፍሪዌይ ላይ ነበረች። መኪናዋን ዳር አቁማ የጮኸችው ጩኸት በስልኩ ውስጥ ለእኔም ተሰማኝ። ሐያትን ወስጄ ሴትዮዋ እግር ላይ አስወደቅኋት። ከዚያም ደብተር አውጥታ፣ «ሞት በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ቀብር ሳይፈጸም አይነገርም» ብላ ሃምሳ ጊዜ እንድትጽፍ አደረግኋት። አንተ፣ «ይበቃታል፣ ከድጃ» አልከኝ። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደርሳ ነበር። አልበቃትም አልኩ።

ያን ረቡዕ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ስሰድባትም ሆነ ዓመት ሙሉ ስዘጋት፣ አንቺ ነሽ ያስጻፍሽኝ አላለችኝም። ካንተ የወረሰችው ጨዋነት ነው፤ ከእኔ አይደለም። ከዘምዘም በኋላ ወዲያው ደወልኩላት። አላነሳችም። በማግስቱ ደወልኩ። እስከ ዛሬ በየቀኑ ደውያለሁ። አንተን አፈር ወሰደህ፤ እሷን ግን በገዛ አፌ ነው ያጣኋት። ምን ላድርግ? ቀድሞ እኔ ስቆጣ አንተ ነበርክ መሐል የምትገባው። አሁን መሐላችን ማንም የለም።

ማክሰኞ ወደ እንግሊዝ እሄዳለሁ። ጉልበቴ እንዴት እንደሚያደርሰኝ አላውቅም። አልነገርኳትም፤ አትምጪ እንዳትለኝ ፈራሁ። አድራሻዋን ከካርቶኑ ላይ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ይቅርታ ማለት ያለብኝን እላለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ካልወጣ ደግሞ እኔ እሷን እንዳደረግኋት እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ ረቡዕን ንገሪኝ እላታለሁ። ዳገቱ ላይ ነበር ወይስ ቁልቁለቱ ላይ? የሰው ያለህ ብላ ስትጮህ በዚያ ሜዳ ላይ ማን ሰማት? ሰው እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ብቻዋን ካንተ ጋር ተቀመጠች? ከዚያ ስልክህ ጮኾ ስሜን ስታይ እንዴት አድርጋ አነሳችው? ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አልጠየቃትም፤ እናቷም ጭምር።

አልረሳህም ብዬ ብምልልህ ምን ዋጋ አለው? እስካሁን ይዤ የኖርኩት የተሰበረ እግር ነው፤ ያንተ ሞት እሷ ዘንድ ነው ያለው፣ ብቻዋን ተሸክማዋለች። በሯን ከፍታልኝ ከነገረችኝ ግማሹን ተቀብያት አንዱንም ሳልጥል እስክንገናኝ እይዘዋለሁ። ካልከፈተችልኝ ደጇ ላይ እቀመጣለሁ። ለሥራ መውጣቷ አይቀርም።

ባለቤትህ ከድጃ