ስለ ቤቴ ቆርቆሮና በአራት ስለተቀደደው ወረቀት የሰጠሁት ቃል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2016። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ አሁን አባርቷል። ነፋሱ ግን ገና ከባሕር በኩል ነው፤ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ የሚወርደው ጠብታ ቆርቆሮዬን ይመታል። ሰዓቱ ለምሽቱ አሥራ ሁለት ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ሰዓት የመረጥሁት ራሴ ነኝ።

እኔ ሶሴፊና ፋላኒኮ፣ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት፣ በሳቫኢ ደሴት በፋሌታይ መንደር በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የታመመው ኩላሊቴ ነው፤ አእምሮዬ ደህና ነው። ወደፊት “ሶሴፊና ያን ጊዜ በጤናዋ አልነበረችም” የሚል ሰው ቢነሣ፣ ከእኔ ምን ይጠብቅ እንደነበር አስቀድማችሁ ጠይቁት።

በቦታው የተገኙት ፓስተር አፔራሞ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የነበረውና አሁን ባለ ሱቅ የሆነው ላፋኤሌ፣ እንዲሁም የወንድሜ የኤኔሊኮ ልጅ ፔኒና ናቸው። ኤኔሊኮን አልጠራሁትም። ምክንያቱ ከዚህ በታች ይገኛል።

ጸሐፊ አላስገባሁም። ጸሐፊ የሰማውን ትቶ የወደደውን ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ እየተናገርሁ ራሴ እጽፋለሁ፤ ሌላው ሲናገርም ቃሉን እንዳለ አሰፍራለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ማንበብ የተማርሁት ባንኩን ሳጸዳ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ከማወጣው ቁርጥራጭ ወረቀት ነው። ይህንም ልብ በሉልኝ።

ምስክሮቹ “አልነበርንም” እንዳይሉ ስማቸውንና ቀኑን በራሳቸው እጅ አስቀድመው እንዲጽፉ ጠየቅሁ። ፓስተሩ መነጽራቸውን ፈልገው ጻፉ። ላፋኤሌ ግን ከኪሱ የራሱን እስክሪብቶ አውጥቶ ፈጥኖ ጻፈ።

“ለአንቺ ምን የማላደርገው አለ፣ ሶሴ!” አለኝ።

ያመጣልኝ የብስኩት ጣሳ አጠገቤ ነው። ክዳኑ ቀደም ብሎ ተከፍቶ የተዘጋ ይመስላል። ላፋኤሌ ከሱቁ ጎን ያለውን የባሕር ዳር ቦታችንን መከራየት ይፈልጋል። ቅዳሜ ቤተሰባችን ተሰብስቦ ማታይ፣ ማለትም የቤቱን አለቃ ይመርጣል። ላፋኤሌ ቦታውን እንደሚሰጠው ቃል የገባለት የአጎታችን ልጅ እንዲመረጥ ይሻል፤ እኔም ዛሬ ያንኑ የምናገር መስሎት መጥቷል። የማዕረጉ ተራ የኤኔሊኮ ነበር። ዘመዶቻችን ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር “መጀመሪያ የቀበረውን ገንዘብ ያውጣ” ይላሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሉ ኖረዋል።

መጀመሪያ ትንንሹን ልጨርስ።

ስልኬን ኦክላንድ ለሚኖረው ልጄ ለታቪታ እሰጣለሁ። በደወለልኝ ቁጥር ስለ መሬቱ ሳይጠይቀኝ ዘግቶት ስለማያውቅ፣ ስልኩ መልሱን ያውቅ ይሆናል።

ሁለቱ እናት አሳማዎች የፔኒና ናቸው። ሦስተኛው አሳማ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም፤ ስለዚህ ማንም አይረደው።

እናቴ የተወችልኝን ቀጭኑን ምንጣፍ ዛሬ ለማንም አልሰጥም።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ።

አባታችን በሞተበት ዓመት ኤኔሊኮ ለቀብሩ ወጪ ብድር ጠይቆ ነበር። ላፋኤሌ ሦስት ጊዜ “ነገ ና” ብሎ በአራተኛው “የለም” አለው። በዚያው ሳምንት ዓርብ ኤኔሊኮ ፊቱን በሚስቱ ሻሽ ሸፍኖ ገጀራ ይዞ ባንክ ገባ። ገጀራውን መጀመሪያ ልብ ያለው ሰው አልነበረም፤ ከእርሻ የሚመለስ ወንድ ሁሉ ገጀራ ይዞ ነው የሚገባው። እኔ ከመቁጠሪያው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ወለል እወለውል ነበር።

“ሁላችሁም መሬት ተኙ!” አለ፣ በዚያ በመዘምራን ሁሉ በሚታወቅ ወፍራም ድምፁ።

“ኤኔሊኮ፣ ተራ ያዝ እንጂ” አለችው አንዲት አሮጊት።

“ኤኔሊኮ አይደለሁም።”

“እሺ፣ አንተ ኤኔሊኮ ያልሆንኸው፣ እሑድ ለምን ከመዝሙር ቀረህ?”

“ጉሮሮዬን አሞኝ ነው” አለ ወንድሜ።

ገንዘብ ከፋይዋ በመሳቢያዋ የነበረውን በከረጢት አድርጋ ሰጠችው። አመስግኖ ወጣ። የሚያመልጥበት መኪና ስላልነበረው አውቶቡስ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ደግሞ ሳይሞላ አይነሣም። ፖሊሶቹ የደረሱበት መንደራችን መግቢያ ላይ ነው። ያን ጊዜ የማታ ጸሎት ዛጎል ተነፋ። ዛጎል ሲነፋ በመንገድ የሚራመድ ሰው እንደሚቀጣ ሁሉም ያውቃል። ጸሎቱን የሚያስከብሩት የመንደሩ ወጣቶች ዱላቸውን ይዘው አውቶቡሱንም የፖሊሱንም መኪና አስቆሙ። ኤኔሊኮ ከረጢቱን ታቅፎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፖሊሶቹ ከጎኑ ተቀመጡ፤ አብረው ጸለዩ። መዝሙሩን የመራው እሱ ነው ይባላል። የማብቂያው ዛጎል ሲነፋ ካቴናውን አስገቡለት።

በከረጢቱ የተገኘው በአገራችን ገንዘብ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ታላ ነበር። በማግስቱ ሬዲዮ ስልሳ አንድ ሺህ ተዘርፏል አለ።

የዚያን ሰሞን የተዘረፈው ሰው ብዛት ደግሞ ያስገርም ነበር። ገንዘብ ከፋይዋ የወርቅ ጉትቻዬን ወስዶብኛል አለች፤ ጉትቻ አድርጋ አይቻት አላውቅም። በሰልፉ ከነበሩት አራቱ ገንዘባችንን ነጠቀን አሉ። አንዲቱማ እዚያው ባንክ ውስጥ አሳማ እንደ ተሰረቀባት ለፖሊስ አስመዘገበች።

ኤኔሊኮ ለዳኛው “ልጅቷ የሰጠችኝን ብቻ ነው የያዝሁት” አለ። አላመኑትም። ለዝርፊያው ሁለት ዓመት፣ የቀረውን የት እንደቀበረው አልናገርም ስላለ ሁለት ዓመት ተጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሰው የጎደሬ ማሳውን እየተደበቀ ይቆፍርለታል። ማሳውን ራሱ ቆፍሮት አያውቅም፤ በመንደሩ እንደሱ ጎደሬ የሚያምርለትም የለም።

እስር ቤት ከመግባቱ በፊት በዋስ ተለቅቆ ሳለ ባገራችን ወግ ይቅርታ ለመነ። ጎህ ሲቀድ በላፋኤሌ ደጅ ተንበረከከና ከሁለቱ የእናታችን ምንጣፎች አንዱን በራሱ ላይ ተከናነበ። የበደሉት ሰው ወጥቶ ምንጣፉን ካነሣ ምሕረት ነው፤ ምንጣፉም የእሱ ይሆናል። ላፋኤሌ ቡናማ ሽርጡን ለብሶ በረንዳው ላይ ቁርሱን በላ፤ ጋዜጣውን አነበበ። ወንድሜን ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትደርስ አንበርክኮት ቆይቶ፣ ሰው ሲበዛ ወጣና “እንደ ክርስቲያን ይቅር ብዬሃለሁ” ብሎ ምንጣፉን አነሣ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ ማን ማንን ይቅር እንዳለ የማውቅ ግን እኔ ብቻ ነበርሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዝርፊያው ቀን ኤኔሊኮ እንደ ወጣ ላፋኤሌ ሰውን ሁሉ ወደ ውጭ አስወጣ። እኔን ረሳኝ። ካዝናውን ከፍቶ ቆጠረና በቁራጭ ወረቀት ላይ “የተወሰደ 6,200፣ ያለ 54,800” ብሎ ጻፈ። ያንን መስመር ጽፎ እስኪጨርስ ድረስ ላፋኤሌ ሐቀኛ ሰው ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ቆሞ አየው። በአራት ቀደደው፤ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው። ቅርጫቱን የምደፋው እኔ ነኝ፤ ማንበብ እንደማልችል እርግጠኛ ነበር። አራቱንም ቁራጭ በዳቦ ፍሬ ሙጫ አጣብቄ በመዝሙር ደብተሬ የኋላ ልባስ ላይ አኑሬዋለሁ። ይኸው አሁን ለፓስተሩ ሰጠሁ።

ላፋኤሌ ተነሣ። “መሸ፤ ሱቁን ሳልዘጋ ነው የመጣሁት” አለ።

“ይቀመጡ እንጂ አቶ ላፋኤሌ፣ ገና ምኑ ተነገረ” አሉ ፓስተሩ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ።

“የታመመች ሴት ቅዠት ለመስማት ጊዜ የለኝም!”

ጫማውን እየፈለገ ሳለ ዛጎሉ ተነፋ። ወጣቶቹ መንገዱ ላይ ቆመዋል። ላፋኤሌ በእነሱ ፊት አልፎ መሄድ አይችልም፤ የሚቀጡትም በታሸገ ዓሣ ካርቶን ነው፣ ያውም ከሱቁ። ጫማውን ይዞ መልሶ ተቀመጠ። ሰዓቱን ለምን እንደ መረጥሁ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

በጸሎቱ ጊዜ አልጻፍሁም።

ጸሎቱ አብቅቶ የመጨረሻው ዛጎል ሳይነፋ ፓስተር አፔራሞ ወረቀቱን ላፋኤሌ ቅድም ከጻፈው ስምና ቀን ጎን አደረጉት።

“ስድስቷ አንድ ናት” አሉ። “ጭራዋ እንዲህ የተጠቀለለች ስድስት ሌላ ሰው ሲጽፍ አላየሁም። ዛሬ ከጻፈው ዓመት ጋር አመሳስሉት።”

“ፓስተር፣ እርስዎም?” አለ ላፋኤሌ። “የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ማን ገዛው? በዚያው ዓመት አልነበረም እንዴ?”

ፓስተሩ አሳላቸው። “ይህንም ጻፊው፣ ሶሴ” አሉኝ። ጽፌዋለሁ።

ላፋኤሌ ወደ እኔ ዞረ። “አንቺስ? ባልዲሽ ውስጥ የከተትሁልሽን ለምን አትናገሪም?”

“ልደርስበት ነበር፤ አቋረጡኝ” አልሁት።

ዕዳዬ አንድ ነው፤ እርሱም ይኸው ነው። ላፋኤሌ ዞር ሲል ከጠረጴዛው ሥር አየኝ። አልጮኸም። አንድ እስር ገንዘብ በመወልወያ ጨርቅ ጠቅልሎ ባልዲዬ ውስጥ አስገባና “ለእናትሽ መድኃኒት ነው፤ ወለሉን ጨርሺ” አለኝ። ወለሉን ጨረስሁ። እናቴ መድኃኒት አላስፈለጋትም፤ በዚያው ወር ሞተች። በገንዘቡ ይህን ቤት ቆርቆሮ አለበስሁት። ወንድሜ እስር ቤት ሳለ እኔ ዝናብ አይነካኝም ነበር። ከተፈታም በኋላ እህት ናትና እያለ በየማለዳው የበሰለ ጎደሬ በቅርጫት ያመጣልኛል፤ ደጄ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ያልጠራሁት በእሱ ፊት ይህን መናገር ስላልቻልሁ ነው።

ፔኒና ማራገቢያዋን አስቀመጠች። “አክስቴ፣ ይሄ ቆርቆሮ?” አለችኝ።

“ይሄ ቆርቆሮ።”

“አባባ ሲፈታ ልጅ ነበርሁ። አላወቅሁትም፤ ከእሱ ሸሽቼ እዚህ ነው የተደበቅሁት። እዚህ፣ ከዚህ ምሰሶ ኋላ።”

“አውቃለሁ።”

ማራገቢያዋን መልሳ አላነሣችም።

ስለዚህ ቤቱን ለፔኒና፣ ቆርቆሮውን ግን ለኤኔሊኮ ሰጥቻለሁ። ልንቀለው ቢል ማንም አይከልክለው፤ ፔኒናም ሣር ትክደን። የተጣበቀው ወረቀት በፓስተሩ እጅ ይቆይና ቅዳሜ ማዕረጉ ከመሰጠቱ በፊት በቤተሰቡ ፊት ይነበብ። ኦርጋኑን ስላሰብሁ ግልባጩን ፔኒና ይዛለች። ባልዲውን ለላፋኤሌ ሰጥቻለሁ፤ የብስኩቱ ጣሳም ይመለስለት።

ፔኒና፣ የምመክርሽ ይህን ነው። ሌባ ሲገባ ሁሉም ሰው እሱን ያያል። አንቺ እሱ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን እዪ፤ እኔንም ጨምረሽ።

ፊርማዎቹ ከላይ ስላሉ ማንንም ዳግመኛ አላስፈርምም። ላፋኤሌ ባልዲውን ሳይወስድ ሄደ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 19። ዝናብ የለም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሣሁ። ምንጣፉን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ አራገፍሁት። ወደ ኤኔሊኮ ቤት ስሄድ ሁለት ጊዜ ዐረፍሁ፣ አንዴ በዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር፣ አንዴ በጉድጓዱ ጠርዝ። ደጁ ላይ ተንበርክኬ ምንጣፉን ተከናነብሁ። በእኛ ወግ ወንድም ነው ለእህቱ የሚያጎነብሰው፤ እህት በወንድሟ ደጅ እንዲህ ስትሆን አይቼ አላውቅም።

ኤኔሊኮ ቅርጫቴን ይዞ ሲወጣ እግሩን በምንጣፉ ሥር አየሁት።

“ሶሴ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ተነሺ፣ ሰው ያያል።”

“ይየኝ” አልሁና የባልዲውን ነገር ከምንጣፉ ሥር ሆኜ ነገርሁት። ሁሉንም ነገርሁት። እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ከኋላዬ የሌላ ሰው ኮቴ ሰማሁ። አንድ ሰው ከጎኔ እያቃሰተ ተንበረከከ። ምንጣፌን በትንሹ ገልጬ አየሁ፤ ላፋኤሌ ነው። ተጸጽቶ ይሁን፣ ወይስ ወረቀቱ ቅዳሜ ሳይነበብ ምሕረት ሊያገኝ አስቦ፣ አላውቅም። የተከናነበው ያንኑ ከወንድሜ የወሰደውን ምንጣፍ ነበር። ጠርዙን ገልብጬ የእናቴን አሠራር ፈለግሁ። የራሷ ነው፤ አልለወጠውም።

ኤኔሊኮ የእኔን ምንጣፍ አነሣ።

“ጎደሬሽ በረደ” አለኝ።

የላፋኤሌን አላነሣም። ወደ ውስጥ ገብቶ ሻይ አፈላ። እኔ የላፋኤሌን ምንጣፍ ከማይበት ምሰሶ አጠገብ ተቀምጬ ጎደሬዬን በላሁ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ኤኔሊኮ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። እኔም ኩባያዎቹን አጠብሁ።